የተቆረጠው ዝግባ ዕዳው የማን ነው?

ባለፈው የዕረፍት ወራት ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ ሄደን የተመለስን ጥቂት ተማሪዎች አንድ ምሽት ተሰብስበን ስንጫወት ክርክር ተነሣ። የክርክሩ መነሻ አንድ ዛፍ ነው። ከመካከላችን አንዱ በአገሩ፣ በመቃብሩ ሥፍራ ላይ፣ አያቶቹ ሳይወለዱ ጀምሮ ቆሞ የኖረ ዝግባ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቶ እንዳገኘው ነገረን። መጥረቢያውን ያነሣው አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ያስቆረጠው አንድ የጣውላ ነጋዴ ነው። ጣውላውን ገዝቶ በር ያሠራው ደግሞ ለአረፋ ከከተማ የገባ የአገር ልጅ ነው። የሰፈሩም ሰው በየደጁ ቆሞ ሲያይ ነበር። ጓደኛችን ይህን ከተረከልን በኋላ «እንግዲህ ዕዳው የማን ነው?» ሲል ጠየቀን።

አንዱ «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የደን አዋጅ አለ» አለ። ሁለተኛው «አዋጁ ከመምጣቱ በፊት ቂጫ ነበረ፤ ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ» አለ። ሦስተኛው ግን «የዚያ ሰፈር ሰው ሙስሊም ነው፤ ሸሪዓው ስለዚህ ነገር ምን ይላል?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ከእኛ ውስጥ ሙስሊሞቹ ከልጅነት ጀምሮ የቀራነው ስለ ውዱእና ስለ ሶላት፣ ስለ ኒካሕና ስለ ውርስ ነበር እንጂ ስለ ደን አልነበረም። ክርስቲያኖቹም ብንሆን ሸሪዓ ከጋብቻና ከውርስ አልፎ የሚናገር አይመስለንም ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ መጻሕፍት አገላብጠን፣ አዋቂዎችንም ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ የፊቅህ ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ የምንጽፈው ፍርድ ለመስጠት ሳይሆን ነገሩን ለማስረዳት ነው።

ሀ. ሕጉ የቆመበት መሠረት

የእስልምና ሕግ ስለ ምድርና ስለ ዛፍ የሚናገረው ከሦስት ሐሳቦች ተነሥቶ ነው። አንደኛው አደራ ነው። በቁርኣን ትምህርት የምድር ባለቤት አላህ ሲሆን ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ፣ በአማርኛችን እንደራሴ ነው። እንደራሴ የሚያስተዳድረው የሌላውን ሀብት ነው። በሸሪዓም አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው ያለ ጥፋቱ ቢጠፋበት አይከፍልም፤ ወሰን አልፎ ወይም ቸል ብሎ ቢያጠፋው ግን ይከፍላል።

ሁለተኛው ፈሳድ የሚባለው ነው። ምድር ከተስተካከለች በኋላ በውስጧ ማበላሸት በቁርኣን በተደጋጋሚ ተከልክሏል። ሰብልንና ዘርን የሚያጠፋም ሰው ተወቅሷል።

ሦስተኛው ለሕግ ሥራ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ነው። ይኸውም ኢማም ማሊክ በሙወጣእ፣ ኢብን ማጃህም በሐዲስ መጽሐፉ ያሰፈሩት የነቢዩ ሙሐመድ ቃል ነው። በጭብጡ ሰው ሌላውን ሊጎዳ፣ ጉዳትንም በጉዳት ሊመልስ እንደማይገባ የሚያዝ ነው። ከዚህ አጭር ቃል ሊቃውንቱ ብዙ ደንቦችን አወጡ። ጉዳት ይወገዳል፤ ጉዳት በተቻለ መጠን አስቀድሞ ይከለከላል፤ ሕዝብን የሚነካ ጉዳት እንዳይደርስ ሲባል የአንድ ሰው ጉዳት ይቻላል። እነዚህን ደንቦች የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጀው መጀላ በተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በአንቀጽ በአንቀጽ ተደርድረው እናገኛቸዋለን። መጀላ የሐነፊ መዝሀብ ሥራ እንጂ የአገራችን ሕግ አይደለም። እኛ የምንጠቅሰው ነገሩን ባጭሩ ስለሚያስቀምጠው ነው።

ዛፍ መትከልም በሐዲስ እንደ ሶደቃ የሚቆጠር ነው፤ ከዛፉ ሰው ቢበላ፣ ወፍም ቢበላ ለተካዩ ምጽዋት ይሆንለታል። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር ወደ ሶርያ ለሚዘምት ጦር አዛዥ በሰጡት መመሪያ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ ማዘዛቸውን ማሊክ መዝግበውታል። በጠላት አገር እንኳ ያልተፈቀደ ነገር በገዛ መቃብራችን ላይ እንዴት ይፈቀዳል? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ለ. ዛፉ የማን ነበር?

የካሣ ነገር ከመነሣቱ በፊት ቃዲ የሚጠይቀው ጥያቄ «ዛፉ የማን ነበር?» የሚል ነው። እንደ መልሱም ፍርዱ ይለያያል።

ዛፉ የግል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የሰውን ንብረት ያጠፋ ይከፍላል። ዛፉ ማንም ባልያዘው ጫካ የበቀለ ከሆነ ደግሞ ሰዎች በውሃ፣ በሣርና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው የሚለው ሐዲስ ይመጣል። ከእንዲህ ያለ ጫካ ማገዶ የለቀመ ሰው የለቀመው የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ተጋሪነት ማለት ሁሉም ይጠቀማል ማለት እንጂ አንዱ ጨርሶ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ሒማ ይባላል። ሒማ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የተከለለ ግጦሽና ዱር ነው። ከእስልምና በፊት የዓረብ ባላባቶች ለገዛ ከብቶቻቸው ሒማ ይከልሉ ነበር። ነቢዩ ይህን የግል ክለላ አስቀርተው ሒማ ለሕዝብ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር በሒማው ላይ ለሾሙት ሰው የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተመዝግቦ ይገኛል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባ፤ የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ተጠንቀቅ ብለውታል። እነዚህ ሁለቱ ከታላላቆቹ የነቢዩ ባልደረቦችና ከባለጸጎቹ ወገን ነበሩ። የዑመር ምክንያት ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅበት የተምር ተክልና እርሻ አለው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ በራችን ላይ ያለቅሳል የሚል ነበር። የሕዝብ ደን ሲጠበቅ በማን ላይ እንደሚጠበቅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ያደረገ ትእዛዝ አላገኘንም።

አራተኛው ወቅፍ ነው። ለመስጊድ፣ ለመቃብር ወይም ለድሆች ተብሎ ለዘለዓለም የተሰጠ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታም አይተላለፍም። የመቃብሩ ሥፍራ ወቅፍ ከሆነ በላዩ የቆመውን ዝግባ የመስጊዱ ኮሚቴም ቢሆን በፈቀደው ጊዜ አውጥቶ ለነጋዴ ሊሸጠው አይችልም ማለት ነው።

ሐ. ከአራቱ ሰዎች ተጠያቂው ማን ነው?

ሊቃውንቱ ጉዳት አድራሹን በሁለት ይከፍሉታል። በገዛ እጁ ያጠፋው ሙባሺር፣ ለጥፋቱ ምክንያት የሆነው ሙተሰቢብ ይባላል። በመጀላ ደንብ ሙባሺር ሆነ ብሎ ባያደርገውም ይከፍላል። ሙተሰቢብ ግን የሚከፍለው ወሰን አልፎ ከተገኘ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲገኙ ጥፋቱ የሚቆጠረው በመጀመሪያው ላይ ነው።

እንግዲህ በዝግባው ላይ እንየው። መጥረቢያውን ያነሣው የቀን ሠራተኛ ሙባሺር ነው። ታዝዤ ነው ማለቱ ብቻ አያድነውም፤ ያልተገደደ ሰው ሥራው የራሱ ነውና። ነገር ግን ነጋዴው «ዛፉ የእኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ» ብሎ አታልሎት ከሆነ ሠራተኛው የከፈለውን ከነጋዴው ይመልሳል ብለው የሚፈርዱ ብዙ ናቸው። ነጋዴው ከዚህም በላይ የሰው ሀብት ያለ አግባብ በእጁ ያስገባ ቀማኛ ስለሆነ በራሱ ተጠያቂ ነው። ጣውላውን የገዛው የከተማ ሰው ከየት እንደመጣ እያወቀ ከገዛ ዕዳው ከነጋዴው ጋር ነው። ሳያውቅ ከገዛ ደግሞ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ከሻጩ ይጠይቃል። በብዙዎቻችን አገር በሚታወቀው በሻፊዒ መዝሀብ የተቀማ ንብረት ያረፈበት እጅ ሁሉ የዕዳ እጅ ነው።

በየደጁ ቆሞ ያየው የሰፈሩ ሰውስ? እርሱ በገንዘብ አይጠየቅም። ነገር ግን ክፉን መከልከል በማኅበሩ ላይ የወደቀ ግዴታ ነው፤ አንድ ሰው ቢፈጽመው ከሌሎቹ ይነሣል፤ ሁሉም ዝም ካሉ ግን ሁሉም ኃጢአተኞች ይሆናሉ።

በእሳት ላይ የተሰጠው ፍርድም ለአገራችን ከሰል አክሳዮችና መሬት መንጣሪዎች የሚስማማ ነው። አንድ ሰው ነፋስ በሌለበት ቀን በገዛ መሬቱ እንደ ልማዱ እሳት ቢያነድና እሳቱ ባልታሰበ መንገድ ቢያመልጥ አይከፍልም። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ቢያነድ ግን የጎረቤቱን ሰብልና ዛፍ ይከፍላል፤ እንደሚዛመት ማወቅ ነበረበትና። በኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ደንና መሬት ማቃጠል ሐራም ነው የሚል ፈትዋ ያወጣው ከዚሁ መሠረት ተነሥቶ ነው። ፈትዋው የወጣው በአገሪቱ በ2015 ትልቅ የደን ቃጠሎ ደርሶ ጭሱ ጎረቤት አገሮችን ከሸፈነ በኋላ ነበር።

ስለ ካሣው መጠን በመጀላ ግሩም ሥርዓት አለ። የሰው ዛፍ ያለ ፈቃድ ከተቆረጠ ባለቤቱ ምርጫ አለው። ከፈለገ የቆመውን ዛፍ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ ግንዱን ለቆራጩ ይተውለታል። ካልፈለገ ግንዱን ለራሱ ያስቀርና በቆመው ዛፍ ዋጋና በወደቀው ግንድ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይቀበላል። የቆመ ዛፍ ከወደቀ ግንድ ይበልጣል የሚለው ሐሳብ በሕጉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጉድለት መደበቅ የለብንም። ይህ የካሣ ሕግ የተሠራው ለባለቤት ነው። ምንጭ ቢደርቅ፣ አፈር ቢታጠብ፣ ወፍ ቢሰደድ የሚከራከር ባለቤት የለም። ለዚህ መልሱ ከካሣ ውጭ ይገኛል። ይኸውም የሕዝብ መብት በሆነው ነገር ባለሥልጣኑ ተዕዚር የተባለውን የማስተማሪያ ቅጣት እንዲወስንና ጉዳት ይወገዳል በሚለው ደንብ ጥፋተኛው የተበላሸውን እንዲያድስ ማዘዝ ነው። የዘመናችን ዑለማእ ብዙ የሚደክሙት በዚህ በኩል ነው። በእስታምቡል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእስልምና መግለጫ ስለ አየር ንብረትና በ2024 ይፋ የሆነው አል ሚዛን የተባለው ሰነድ የዚህ ሥራ ምልክቶች ናቸው።

መ. ድሃውስ ምን ይሁን?

በክርክራችን ላይ ከሁሉ የጠነከረው ጥያቄ ይህ ነበር። የቀን ሠራተኛው ዛፍ የቆረጠው ለልጆቹ እንጀራ ነው። ከሰል ተሸክማ ወደ ወልቂጤ ገበያ የምትወርደው ሴት ሌላ ሥራ ቢኖራት ኖሮ ባልወረደች ነበር።

ሸሪዓ ችግርን ያውቃል። ደሩራ፣ ማለት የመጨረሻ ችግር፣ የተከለከለውን ይፈቅዳል። ነገር ግን ያው ሕግ ችግር የሌላውን ሰው መብት አያፈርስም ይላል። የተራበ ሰው የሌላውን እህል ቢበላ ኃጢአት የለበትም፤ ዋጋው ግን ዕዳ ሆኖ ይቆየዋል። ይህ ጭካኔ ከመሰለን የሚከተለውን እናስታውስ። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንደኛው ዕዳ የያዛቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዕዳው በድሃው ስም ቢጻፍም መክፈያው ከማኅበሩ ሣጥን ሊመጣ ይችላል። ነጋዴው ግን በደሩራ ሊመካኝ አይችልም። የዑመር ትእዛዝ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ለድሃው በሩን ክፈት፤ ባለጸጋውን ተጠንቀቅ።

ሠ. በጉራጌ አገር

ወደ አገራችን እንመለስ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ሁለቱም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። በዚህ አገር ከመጻሕፍት ሕግ ቀድሞ የኖረ ሕግ አለ። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ በሶዶ ክስታኔ የጎርደና ሴራ ይባላል።

የዚህን ሕግ ፍሬ ለማየት ጀፎረን መመልከት ይበቃል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ልጅ ይጫወትበታል፤ ጥጃ ይግጥበታል፤ ሠርግና ልቅሶ ይቆምበታል፤ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። ማንም የእኔ ነው አይልም። ከጀፎረው ቆርሶ ያጠረ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ አጥሩን ያነሣል፤ ይቀጣልም። ሒማ ብለን ካነበብነው ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ልማድ ሸሪዓን እስካልተቃረነ ድረስ በፍርድ ላይ እንደሚሠራ በፊቅህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሙስሊም ሽማግሌ በቂጫ ወይም በሴራ ስለ ዛፍ ሲፈርድ ሃይማኖቱን ወደ ጎን ትቶ ነው ልንለው አንችልም።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል እንጨምር። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ በአጼ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ከመጣ ወዲህ ወደ ጉራጌ አገር ዘልቆ የብዙ ቤት ገቢ ሆኗል። ነገር ግን በወሰን ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ የጎረቤትን እንሰት ውሃ ይሻማል፤ ጠብም ያስነሣል። የፊቅህ መጻሕፍት ይህን ጠብ ያውቁታል። ቅርንጫፍ ወደ ጎረቤት ከተሻገረ ጎረቤቱ እንዲታጠፍ ወይም እንዲቆረጥ ማስገደድ ይችላል፤ ስለ ጥላው ብቻ ግን ዛፉ አይቆረጥም ይላል መጀላ። በአቡ ዳውድ ደግሞ ሰሙራ የተባለው ሰው በሌላ ሰው አትክልት ውስጥ ስለነበረችው ተምር የተነገረ ታሪክ አለ። በምትክም፣ በሽያጭም፣ በስጦታም እንዲለቅ ተለምኖ እምቢ ባለ ጊዜ ነቢዩ ተምሯ እንድትነቀል አዘዙ። ከዚህ የምንማረው ዛፍ ሁሉ በዛፍነቱ ብቻ የተከበረ አለመሆኑን ነው። ሕጉ የሚመዝነው ጉዳትንና ጥቅምን ነው።

ረ. ፍርድ ቤቱ የት ነው?

አሁን ለጓደኛችን ጥያቄ እውነተኛ መልስ የምንሰጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ይህን ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢወስደው አይታይለትም። ከ1936 ዓ.ም. የቃዲዎች አዋጅ ጀምሮ እስከ ፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188፣ 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠው ሥልጣን ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ቀለብ፣ ስለ ሞግዚትነት፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ስጦታና ስለ ወቅፍ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረትም ፍርዱ የሚሰጠው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። የዛፍ ቆረጣ ጉዳይ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ በሚለየው በ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። ያው ሕገ መንግሥት አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል።

እንግዲህ ሸሪዓው በዚህ ጉዳይ ፖሊስና እስር ቤት የለውም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? እኛ እንደሚመስለን ሁለት ትልልቅ በሮች ተከፍተውለታል። አንደኛው ኅሊና ነው። የደን ጠባቂ በሌለበት ሌሊት መጥረቢያ የያዘውን ሰው የሚያየው ኅሊናው ብቻ ነው። የሰው ሐቅ ያልከፈለ ሰው በዚያኛው ዓለም ከመልካም ሥራው እየተቀነሰ እንደሚከፍል የሚያምን ሕዝብ፣ ዛፍም ሐቅ እንደሆነ ከጁምዓ ኹጥባ ቢሰማ አዋጅ የማይደርስበት ቦታ ይደረሳል። ሁለተኛው በር ወቅፍ ነው። ወቅፍ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ውስጥ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ሰው በጉልበቱ ተክሎ ያሳደገው ዛፍ ንብረቱ ነው። በሻፊዒ መዝሀብም ሲጠቀሙበት የማያልቅ ንብረት ሁሉ ወቅፍ ሊደረግ ይችላል። በየመስጊዱና በየመቃብሩ ያሉ ዛፎች ወቅፍ መሆናቸው በጽሑፍ ቢረጋገጥ ለነጋዴው የሚሸጥ ሰው ይታጣል።

ሰ. ለእኛ የቀረው ዕዳ

ሌሎችን ብቻ ከስሰን እንዳንጨርስ ስለ ራሳችን እንናገር። ከእኛ መካከል የደብተርና የመጓጓዣ ገንዘቡ ከባሕር ዛፍና ከጫት ሽያጭ የተገኘ አለ። የምንበላው እንጀራ የተጋገረበት ማገዶ ከየት እንደተቆረጠ የጠየቀ ግን የለም። የተቀማ ንብረት ያረፈበት እጅ ሁሉ የዕዳ እጅ ነው ያልነውን ለጣውላው ገዢ ብቻ ትተን ማለፍ አንችልም።

የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ መንገድ የሚሠራለት ሳይጠብቅ ከመርካቶ እስከ ገጠር ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ማሠራቱን አባቶቻችን በኩራት ይነግሩናል። በዚያ መንገድ ላይ ተጉዘን ነው እዚህ የደረስነው። ያ መዋጮ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል የተዋጣ ነበር። ለመንገድ የተቻለ ነገር ለዝግባና ለወይራ የማይቻልበትን ምክንያት አናውቅም።

ጓደኛችን በመጪው ዕረፍት ሦስት ነገር ለማድረግ አስቧል። ኢማሙን ስለዚህ ጉዳይ ኹጥባ እንዲያደርጉ ይለምናቸዋል። ሽማግሌዎቹን ነጋዴውንና በሩን ያሠራውን ሰው እንዲያነጋግሩ ይጠይቃል፤ ሠራተኛውን ግን ለብቻው እንዳያስሩት ይማጸናል። በመጨረሻም የመቃብሩ ሥፍራ ወቅፍ መሆን አለመሆኑን ከሚያውቁት አረጋውያን ጠይቆ ያስጽፋል። ከእኛም ሁለታችን አብረነው ለመሄድ ተስማምተናል። የምናገኘውን መልስ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ተመልሰን በዚሁ መጽሔት እንጽፋለን። እናንተም በየአገራችሁ የቆመውን ዛፍ «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቆረጠ በኋላ ከመጠየቅ ይሻላልና።